የፓምፑ ኩሽኔታ እና 1700ው ኮፊሸንት

አንድ ወጣት አንባቢ እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፦ «ጋሼ፣ የግቢያችን የውሃ ፓምፕ ሞተር ኳ ኳ ይላል። በደቂቃ 1450 ዙር ነው፣ ኩሽኔታው 6205። ንዝረቱን በሰከንድ 1000 ናሙና ለ2 ሰከንድ ቀድቼ በላሶ (ሲግናልን በጥቂት የሞገድ ቅርጾች ድምር ለመግለጽ በሚሞክር የስሌት ዘዴ) ፈታሁት። ጥቂት ኮፊሸንት (የየቅርጹ መጠን) ብቻ ይቀራል ስል ከ2000ው 1700 ያህሉ ዜሮ አልሆኑም። ትልቁ 100 ኸርዝ (በሰከንድ 100 ንዝረት) ላይ ነው። ኩሽኔታው ነው?»

100ው እንኳን የመብራቱ ነው፣ የመስመሩ 50 ኸርዝ ሁለት እጥፍ። 9 ኳስ ያለው የተለመደው 6205 የውጭ ቀለበቱ ሲቆስል በአንድ ዙር 3.58 ጊዜ ገደማ ይመታል። ባንተ ፍጥነት በየ11.5 ሚሊሰከንዱ አንድ ምት ማለት ነው። እኔ የጠረጠርኩት መዝገበ ቃላትህን ነው፣ ላሶ የሚመርጥባቸውን ቅርጾች ስብስብ። ሳይንና ኮሳይን ብቻ ሞልተህበታል።

ከሁሉ በፊት ግን ሴንሰር ልትለጥፍ ስትጠጋ ብሬከሩን አውርድ። ማጥፊያውን መጫን አይበቃም፣ ውሃ ያለበት ቦታ ነው።

ለልጆቹ ሁሌ የምነግራቸው ነገር አለ። 350 ብር ልትከፍል ነው እንበል። ኪስህ ውስጥ ባለ 200፣ ባለ 100 እና ባለ 50 ካለ ሦስት ኖት ሰጥተህ ትገላገላለህ። ባለ 10 ብቻ ከያዝክ 35 ኖት ስትቆጥር ባለሱቁ ፊቱን ያጠቁርብሃል። ዕዳው ያው ነው፣ የተለየው ኪስህ ነው። የሞተሩ እምምታ በአንድ ሳይን ያልቃል። አጭር ምት ግን መቶ ሳይን ቢረባረብም በቅጡ አይገለጽም። ማላትና ዣንግ በ1993 ያወጡት ማቺንግ ፐርሱት የሚባለው፣ እንደ ላሶ ከመዝገበ ቃላት ቅርጽ የሚመርጥ ዘዴ፣ ገንዘብ እንደሚከፍል ሰው ነው የሚሠራው። ትልቁን ኖት ያነሣል፣ ከቀሪው ዕዳ ላይ ደግሞ የሚቀጥለውን። ታዲያ ኖት በወረቀቱ ስፋት አይመዘንም። የእያንዳንዱን ኮለም (የመዝገበ ቃላቱን አንድ ቅርጽ) ርዝመት 1 ካላደረግህ ኮዱ ሰፊውን ወረቀት ትልቅ ብር ነው ብሎ ያነሣልሃል። ይህን የሚረሳ ሰው ብዛቱ!

ፋይልህን ሳየው ደግሞ ተናደድኩ። ኮዱን የጻፈልህ ጓደኛህ «እንዲጸዳ» ብሎ ሲግናሉን በአማካይ አለስልሶታል። የምንፈልገውን ምት ራሱን ነው የላጠው። ሴንሰሩም በስፖንጅ ፕላስተር ተለጥፏል፣ ስፖንጅ ድምፅ ይውጣል። በሰከንድ 1000 የሚቀዳ ርካሽ ሴንሰር ከ500 ኸርዝ በላይ አይሰማም፣ እያንዳንዱ ምት የሚያስነሣው የኩሽኔታ ጩኸት ደግሞ ኪሎኸርዞች (በሺዎች ኸርዝ) ላይ ነው። ያልተቀዳውን ላሶ ከየት ያምጣው? ቢያንስ በሰከንድ 20,000 የሚቀዳ ፈልግ፣ በሱፐር ግሉ ለጥፈው።

ከዚያ ብሬከሩ እንደወረደ የኩሽኔታውን ቤት በትንሽ መዶሻ ነካ አድርገህ ቅዳ። ቲንግ ብሎ የሚሞተው ድምፅ በጊዜው ላይ እየተንሸራተተ ኮለምህ ይሆናል። ሳይኖቹን ለእምምታው አጠገቡ ተዋቸው። ሞተሩን አስነሥተህ፣ ራቅ ብለህ፣ እጅጌህን ሰብስበህ እንደገና ቅዳ። ላምዳውን፣ ላሶ ምን ያህል ኮፊሸንት ዜሮ እንደሚያደርግ የሚወስነውን ቁጥር፣ በግምት አትስጥ። ሲግናሉን ከየኮለሙ ጋር አባዝተህ ደምር፣ የመደመርና የመቀነስ ምልክቱን ትተህ ከውጤቶቹ ትልቁን ላምዳ ብታደርገው ኮፊሸንቶቹ ሁሉ ዜሮ ይሆናሉ። ከዚያ እስከ አንድ አሥረኛው ድረስ ቀስ እያልክ ውረድ። አንዳንድ ላይብረሪ በናሙናው ብዛት ስለሚያካፍል አንተም አካፍል።

የቲንጎቹ ኮፊሸንቶች በየ11.5 ሚሊሰከንዱ ገደማ ከተሰለፉ ኩሽኔታው አልቆለታል። አዲሱን ስትገዛ ካርቶኑ ላይ ባለው ስም አትታለል፣ በጣትህ አዙረህ ስማው። ስትፈታም ብሬከሩ ወርዶ፣ ተቆልፎ፣ ቁልፉ አንተው ኪስ ውስጥ ይሁን።