የቀሩት አምስት ሲጋራዎች ለምን እምቢ አሉ?

ወንድሜ፣ «በቀን አንድ ፓኬት አጨስ ነበር፤ ወደ አምስት ካወረድኩ ቆየሁ፤ እነዚህን አምስቱን መተው ግን አቃተኝ፤ ወኔ ስለሌለኝ ይሆን?» ብለህ ጠይቀሃል። ለዓመታት አጭሼ ያቆምኩ ሰው ነኝና የማውቀውን ልንገርህ።

ወኔማ አለህ፤ አስራ አምስቱን ጥለሃል። እነዚያ ግን በአብዛኛው እጅህ ስለለመደ ብቻ የምትለኩሳቸው ነበሩ። የቀሩትን አምስቱን ሰውነትህ ራሱ ይጠብቃቸዋል። ሱስ የሚያስይዘው የሲጋራው ንጥረ ነገር ኒኮቲን ነው፤ ደም ውስጥ የገባው በ2 ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ተኝተህ ስትነሳ አብዛኛው አልቋል። የጠዋቷ ሲጋራ ከሁሉም በላይ የምታምረው ለዚህ ነው። ከእንቅልፉ በተነሳ በ30 ደቂቃ ውስጥ የሚለኩስ ሰው፣ በቀን የሚያጨሰው ጥቂት ቢሆንም፣ ሱሱ ጠንካራ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ሲጋራ የቀነሰ ሰው እያንዳንዷን አጥብቆ ይስባል። እኔም ስቀንስ ጣቴን እስኪፈጀኝ ነበር የምስባት፤ ጭሱንም ደረቴ ውስጥ አቆየው ነበር። ስለዚህ ቁጥሩ ወደ ሩብ ቢወርድም የሚገባው ኒኮቲን በዚያው ልክ አይወርድም። የልብ ነገር ደግሞ ይብሳል። በቀን አንዲት ሲጋራ የሚያጨስ ሰው እንኳ፣ ሃያ በሚያጨሰው ላይ ከሚጨመረው የልብ ሕመም አደጋ ግማሽ ያህሉን ይሸከማል። አምስት ላይ ማረፍ የለም፤ ይሄን እንድታውቅልኝ እፈልጋለሁ።

የኔ ምክር፣ ቀን ቁረጥና አምስቱንም በአንዴ ተው። ባዶ እጅህን ግን አትግባ። ያለምንም እርዳታ ለማቆም ከሚሞክሩ 100 ሰዎች ከስድስት ወር እስከ ዓመት የሚዘልቁት ከ3 እስከ 5 ቢሆኑ ነው። ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ኒኮቲን ቀኑን ሙሉ ያረጋጋሃል፤ ኒኮቲን ያለበት ማስቲካ ደግሞ ሀራራው ድንገት ሲነሳ ይደርስልሃል። መጠኑን ባለሙያ ይወስንልህ። ማስቲካውን እንደ ተራ ማስቲካ አታኝከው። ጥቂት አኝከህ አፍህን ለብለብ ሲያደርግህ በጉንጭህና በድድህ መካከል አሳርፈው። ዝም ብለህ ካኘክኸው ኒኮቲኑ ወደ ሆድህ ይወርድና ትርፉ ቃርና ስቅታ ይሆናል። ብዙዎች «አልሠራልኝም» ብለው የሚጥሉት እንዲህ እያኘኩት ይመስለኛል።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ከባድ ናቸው። ትነጫነጫለህ፣ ሐሳብህ አልሰበሰብ ይላል። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ይረግባል። አንዱ ሀራራ ለብቻው ሲታይ ግን የደቂቃዎች ጉዳይ ነው።

እኔ ስልክ በጠራ ቁጥር እጄ ወደ ሸሚዜ ኪስ ይሄድ ነበር፤ ማጨስ እንኳ ሳያምረኝ። ስልክ ሳነሳ ከመቀመጫዬ ተነስቼ መራመድ ጀመርኩ፤ ቀስ በቀስ ቀረ። ያንተም አምስቱ እያንዳንዳቸው የታሰሩበት ሰዓትና ቦታ አላቸው። ቀኑ ሳይደርስ ጻፋቸው፤ በቦታቸው ምን እንደምታደርግም አስብበት።

ቡና የምትጠጣ ከሆነ ቀንስ። የሲጋራ ጭስ ጉበት ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርገዋል። ስታቆም የለመድከው ቡና ሰውነትህ ውስጥ ይቆያል። ልብህ ድው ድው ይላል፣ እንቅልፍ ታጣለህ፣ አንተ ግን ሲጋራው ነው ትላለህ። በዚሁ ምክንያት ሲጋራ ሲቆም መጠናቸው የሚስተካከል መድኃኒቶችም አሉ። በተለይ ለአእምሮ ሕመም የምትወስደው መድኃኒት ካለ፣ ቀን ከመቁረጥህ በፊት ሐኪምህን አማክር።