«ሰው አገር መስኮት ስጠብቅ አልከርምም»

አንዲት እናት ከደብረ ማርቆስ እንዲህ ሲሉ ጽፈውልኛል፦

«ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ። ባለቤቴም ከግብርና ሥራው በጡረታ ከተሰናበተ 7 ዓመት ሆነው። ደም ግፊት አለበት። ልጃችን የምትኖረው አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ነው። ታኅሣሥ ላይ ትወልዳለች። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ አብራችሁኝ ክረሙ ብላ በስልክ ለመነችኝ፤ እኔም ነገርኩት። ቪዛው ለሁለታችንም ወጥቷል። እሱ ግን ‹ሰው አገር መስኮት ስጠብቅ አልከርምም፤ ከፈለግሽ ሂጂ› ብሎ ዘጋኝ። በ38 ዓመት ትዳራችን እንዲህ ተኳርፈን አናውቅም። ጥዬው ልሂድ? ወይስ ልጄ ያለ እናት ትረስ?»

እናቴ፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ባለቤትዎ ግትር ሰው አይመስሉኝም። የፈሩ ይመስለኛል።

እስቲ የእሳቸውን ቀን ያስቡት። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስመው ሲመለሱ ስንት ሰው ነው ጎንበስ ብሎ «እንደምን አደሩ» የሚላቸው? እድር አለ፣ የማኅበር ተራ አለ፣ ለሽምግልና የሚፈልጋቸው አይጠፋም። ሰው ከሥራው ሲሰናበት ደመወዙ ብቻ አይደለም የሚቀርበት፤ «እኔ እንግዲህ ምንድን ነኝ?» የሚል ጥያቄም ይከተለዋል። እሳቸውን ያቆማቸው ያ ሰላምታ ነው። ሚኒያፖሊስ ላይ ይህ የለም። መኪና አይነዱም፣ ቋንቋው ይቸግራቸዋል፣ ውጪው በረዶ ነው። እርስዎ ግን ሥራ ይጠብቅዎታል። ገንፎ ያገነፋሉ፣ ሕፃን ያጥባሉ፣ ልጅዎን ያርሳሉ። ጉዞው አንድ ቢሆንም እርስዎ ወደ ሥራ ነው የሚሄዱት፣ እሳቸው ወደ ባዶ ቀን።

ሌላም አለ። ይህን ወንዶች በግልጽ አይናገሩትም፤ «እዚያ ብሞትስ?» የሚል ሐሳብ ነው። ዕድሜ ልኩን ለእድር ያዋጣ ሰው ማን እንደሚቀብረው፣ የት እንደሚያርፍ ያስባል። «ክፉ አታውራ» ብለው አያቋርጧቸው። ይጠይቋቸው፣ ይስሟቸው። ከዚያ ለልጆቻችሁ ምን እንደምትፈልጉ ሁለታችሁም ንገሯቸው። ፍርሃት ሲነገር ይቀላል።

የብርዱም ነገር እውነት ነው። ታኅሣሥና ጥር ለእኛ የጠራ በጋ ነው። ሚኒያፖሊስ ግን በታኅሣሥ ፀሐይ የምትታየው በቀን ከ9 ሰዓት ላነሰ ጊዜ ነው። የብርሃን ማነስ በአንዳንድ ሰዎች ላይ የሚያመጣውን የመንፈስ ጭንቀት በ1984 (እ.ኤ.አ.) ኖርማን ሮዘንታል የተባለ የአእምሮ ሐኪምና ባልደረቦቹ ገልጸውታል። እንቅልፍ ይበዛል፣ ጉልበት ይከዳል፣ ሰው ያስጠላል። አባቶች ላይ ሲታይ ቤተሰቡ «ኩርፊያ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ጠዋት ጠዋት ደርበው ለብሰው ወጣ ማለት ይረዳል።

ታዲያ ሁለታችሁም እኩል 6 ወር መክረም አለባችሁ ያለው ማን ነው? እርስዎ ኅዳር ላይ ይሂዱ። እሳቸው ገናንና ጥምቀትን በአገራቸው ያክብሩ። ቀኑ ሲረዝምና ብርዱ ሲላላ፣ መጋቢት ላይ ይምጡ። ሚያዝያ ላይ አብራችሁ ትመለሳላችሁ። ብቻቸውን መሳፈር ካስፈራቸው ትኬቱ ሲቆረጥ የዊልቸር አገልግሎት ይጠየቅላቸው። መራመድ ለሚችልም ቢሆን አውሮፕላን ሲቀየር ከበር እስከ በር የሚያደርስ ሰው ማግኘት ትልቅ እረፍት ነው። እስኪሄዱ ድረስ ምግባቸውን ማን እንደሚያበስል፣ ግፊታቸውን ማን እንደሚከታተል አሁኑኑ ይነጋገሩ።

ቪዛው ላይ ያለው ቀን የመቆያ ጊዜ አይደለም። ስንት ጊዜ እንደምትቆዩ የሚወስነው አሜሪካ ስትገቡ የሚቀበላችሁ መኮንን ነው፤ ብዙውን ጊዜ እስከ 6 ወር ይፈቅዳል። ሕክምና እዚያ ውድ ነው። የጉዞ የጤና ኢንሹራንስ ይገባ፣ ግን ነባር ሕመምን ይሸፍን እንደሆነ ልጅዎ አንብባ ታረጋግጥ። የግፊት መድኃኒቱ ለቆይታው ሁሉ የሚበቃ ይሁን፤ ከሐኪም ማዘዣው ጋር በእጅ ሻንጣ ይያዝ።

ከልጅዎም ጋር ቁርጥ ያለ ወሬ ያስፈልጋል። የአራስነቱ ጊዜ ሲያልፍ ሕፃኑን ቀኑን ሙሉ የሚይዘው ማን ነው? የእርስዎ እረፍት መቼ ነው? እናት ልጇን ማገዝ ደስ ይላታል፤ ወገቧ ሲጎዳ ግን አፍራ ዝም ትላለች። ሳይሄዱ ይናገሩት።

አንድ ነገር ደግሞ ከደብዳቤዎ ላይ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ልጅዎ የለመነችው እርስዎን ነው። ባለቤትዎ ግብዣውን የሰሙት ከእርስዎ አፍ ነው። «አባባንም ይዘሽው ነይ» የተባለላቸው ዕቃ መስሎ ተሰምቷቸው ይሆናል። ልጅዎ ዛሬ ማታ ስትደውል ስልኩን ለእሳቸው ይስጡና ወደ ጓዳ ይግቡ። «አባባ፣ ልጄን አንተ ባርክልኝ» ትበላቸው፤ እርስዎ መሃል አይግቡ።