ሴፍቲኔቱ አካውንት አስከፈተኝ፣ ከዚያስ?

በዚህ ሳምንት ሁለት ጥያቄ ይዘናል። ሁለቱም ከሐዋሳ ናቸው፣ ሁለቱም ስለ ሴፍቲኔት፣ ችግረኛ ቤተሰቦችን ስለሚደግፈው የከተማ ፕሮግራም።

ጥያቄ፦ ታቦር ክፍለ ከተማ ነው የምኖረው። ሴፍቲኔት ገብቼ መንገድ እጠርጋለሁ፣ ሦስተኛ ዓመቴን ልጨርስ ነው። ክፍያው በባንክ ነው የሚገባልን፣ ከእሱም 20 በመቶው ለቁጠባ ተብሎ ይቀራል። የቀረውን በገባበት ቀን አውጥቼ ለእቁቤና ለሱቅ ዱቤ እከፍላለሁ። ሁሉንም በእጃችን ቢሰጡን አይሻልም ነበር? ከፕሮግራሙ ስመረቅስ ይሄ አካውንት ምን ይሠራልኛል? ብድር ስጠይቅ «ማስያዣ አለሽ ወይ» ነው የሚሉኝ።
የሦስት ልጆች እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ከሚያናድደው ልጀምር፣ ከቁጠባው። ልጆች እራት እየጠበቁ «ይቺን አትንኪ» መባል ይከብዳል። ቀላል ነው የሚልሽ ካለ ደመወዙ ወር የሚያደርሰው ሰው ነው። ግን አሠራሩን ማወቁ ይጠቅምሻል። የከተማው ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም ሲጀመር በ11 ከተሞች ነበር፣ ሐዋሳም አዳማም አሉበት። የታቀደው ለ604 ሺህ ሰው ሲሆን 84 በመቶው እንዳንቺ እየሠራ የሚከፈለው፣ 16 በመቶው ደግሞ መሥራት የማይችለው ነው። አንቺ ያለሽበት ክፍል የሦስት ዓመት ነው፣ የሥራ ቀኑም በየዓመቱ ይቀንሳል። ክፍያው እንዲያልቅ ታስቦ ነው የተሠራው ማለት ነው። ሲያልቅ እጅሽ ላይ የሚቀረው ያ ቁጠባና ሥልጠናውን ጨርሰሽ የሥራ ዕቅድ ስታቀርቢ የሚሰጠው የመቋቋሚያ ገንዘብ ነው። በእጅ ቢሰጥ ኖሮ እውነቱን እንነጋገር፣ ዱቤው ይበላው ነበር።

ቅሬታሽ ግን መሠረት የለውም አልልም። የቁጠባ ወለድ ዝቅተኛው መጠን ከ2010 ዓ.ም ጀምሮ 7 በመቶ ነው፣ የዋጋ ንረቱ ደግሞ በእነዚህ ዓመታት ከዚያ በላይ ሲሄድ ነው የኖረው። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዘይት ስንት እንደገባ ለአንቺ አልነግርሽም። ስለዚህ ያ ብር ለዓመታት ባንክ ውስጥ እንዲተኛ አትፍቀጂ። ከአሁኑ ምን እንደምትሠሪ ወስኚ፣ እንጀራም ይሁን፣ ከአሞራ ገደል ዓሣ እያመጡ መጥበስም ይሁን። ብሩ የተለቀቀ ዕለት ወደ ምጣድና ወደ ዱቄት ይቀየር።

አሁን ወደ አካውንቱ። እዚህ ላይ እኔም የራሴ ቅሬታ አለኝ። ክፍያ ከእጅ ወደ ባንክ ሲዞር ትልቅ ለውጥ ነው ተባለ፣ ነውም፣ መሐል ላይ የሚቆነጥረው ሰው ቀንሷል። የዓለም ባንክ ጥናትም እ.ኤ.አ. በ2014 አካውንት ያለው አዋቂ 22 በመቶ እንደነበርና በ2022 46 በመቶ እንደደረሰ ያሳያል። ጥሩ! ግን ጠዋት ገብቶ ከሰዓት ባዶ የሚሆን አካውንት ስለ አንቺ ለባንኩ የሚናገረው ነገር የለም። የብድር ሠራተኛው የሚያየው እንቅስቃሴ ነው። ገባ፣ ወጣ፣ ትንሽም ቢሆን ቀረ። ስለዚህ ብሩን ባንድ ቀን አትጨርሺው፣ ጥቂት ይደር። ሥራ ስትጀምሪ ደግሞ ደንበኛ በቴሌብር ወይም በባንክ ልክፈል ካለ እሺ በዪ፣ «ጥሬ ብር ብቻ» አትበዪ። በተራ ስልክም በ*127# ይሠራል።

እቁብሽን ተዪ የሚል ምክር አትስሚ። እቁብ ከማንም ባንክ በላይ ያስቆጥባል፣ ዳኛው ደጃፍሽ ድረስ ይመጣላ። ችግሩ ሌላ ነው፦ አሥር ዓመት ሳታቋርጪ ብትከፍዪም ያንን ታማኝነትሽን ባንክ አያውቀውም። ደግሞ ባንክ ያስቀመጥሽው እስከ 100 ሺህ ብር ድረስ በተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ይሸፈናል፣ የእቁብ ብር ይዞ የጠፋን ሰው የሚሸፍን ግን የለም። ሁለቱንም ያዢ።

ማስያዣውን በተመለከተ፣ አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከብትም ማሽንም ማስያዣ እንዲሆን ፈቅዷል። በተግባር ግን ብዙ ቅርንጫፍ አሁንም ቤት ነው የሚጠይቅሽ። ባንክ በር ላይ ከመመላለስ ከአንቺ ጋር ከሚመረቁት አራት አምስት የምታምኛቸውን ይዘሽ በቡድን ዋስትና የሚያበድር ማይክሮ ፋይናንስ ጋ ሂጂ። አንዷ ካልከፈለች ዕዳው የሁላችሁም ነው፣ ስለዚህ ለይሉኝታ ብለሽ ማንንም አታስገቢ። በቴሌብር የሚሰጠው መላ የሚባለው ብድርም ማስያዣ አይጠይቅም፣ አጠቃቀምሽን አይቶ ነው። ለሸቀጥ ይሁን፣ ለበዓል ዶሮ ግን አይሁን፤ የአገልግሎት ክፍያውንም ሳታዪ «እስማማለሁ» የሚለውን አትጫኚ።

ጥያቄ፦ እናቴ ቀጥታ ድጋፍ ነው የምታገኘው፣ መሥራት አትችልም። ጎረቤት ነው በካርዷ የሚያወጣላት፣ የሚስጥር ቁጥሩንም ያውቃል። አሁን ባንኩ ፋይዳ (ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ) አምጪ አላት። አሻራዋ አልነበብ ይላል ብለው ይመልሷታል ብዬ ፈራሁ፣ ስሟም በሴፍቲኔቱ መዝገብ ላይ በሌላ አጻጻፍ ነው ያለው።
ከመናኸሪያ

መልስ፦ ፋይዳ ለባንክ ሒሳብ ግዴታ እየሆነ የመጣው ከ2017 ዓ.ም ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ነው፣ ስለዚህ ነገ ዛሬ አትበይ። ምዝገባው በነፃ ነው። ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ ጥለሽው ሂጂ። አሻራው አያስጨንቅሽ፤ ዕድሜውን በልብስ አጠባና በእንሰት ፍቂያ የጨረሰ እጅ አሻራ እንደማይሰጥ ይታወቃል፣ ለዚያ ነው የዓይን ብሌንም ፊትም አብሮ የሚመዘገበው። «አሻራ የላትም» ብለው ቢመልሷት በዓይኗ እንዲመዘግቧት ጠይቂ።

ስሙ ነው የሚያስቸግረው። ፋይዳ ከመመዝገቧ በፊት የቀበሌ መታወቂያዋን፣ የባንክ ደብተሯንና የሴፍቲኔት መዝገቡን ጎን ለጎን አድርገሽ እዪ። የተለየው የትኛው እንደሆነ ከታወቀ እሱን አስተካክሉ፣ መዝገቡ ከሆነ ቀበሌ ሄዳችሁ በጽሑፍ አመልክቱ፣ የማመልከቻውንም ቅጂ ያዙ።

ጎረቤታችሁ ደግ ሰው ሊሆን ይችላል። ቢሆንም የሚስጥር ቁጥሩ ይቀየር። እናትሽ መሄድ ከቻለች ደብተሯን ይዛ አንቺ ደግፈሻት ራሷ ታውጣ፣ ካልቻለች ሕጋዊ ውክልና ላንቺ ትስጥ። እስከዚያ ጎረቤቱ ባወጣ ቁጥር ደረሰኙን ከብሩ ጋር ለእናትሽ ይስጣት።