መንገዱ በማሳችን ያልፋል፤ ማሳው ውስጥ ደግሞ ቅርስ አለ

ጥያቄ፦ አባቴ ገበሬ ናቸው። አዲስ የሚሠራው አስፋልት በማሳችን መሐል እንደሚያልፍ ተነግሮን ችካል ተተክሏል። በቅርቡ ደግሞ "የቅርስ ጥናት ነን" ያሉ ሰዎች መጥተው ማሳውን በሰልፍ ሆነው ተመላለሱበት፤ ገል ለቀሙ፤ ጤፉ መሐል ትናንሽ ጉድጓዶች ቆፈሩ። ከአንዱ ጉድጓድ የተጠረበ ድንጋይ ሲወጣ አይተናል። አባቴን ያስፈቀዳቸው የለም። ጎረቤቶቻችን "ቅርስ አለ ከተባለ መሬታችሁን ትነጠቃላችሁ፤ ካሳውም ይቀራል፤ ዝም በሉ" ይሉናል። ሌላም አለ። አባቴ ከዓመታት በፊት ሲያርሱ ያገኟቸው አረንጓዴ የዛገ ትናንሽ ሳንቲሞች በጨርቅ ተቋጥረው ቤት አሉ። አንድ ሰው ልግዛቸው እያለ ይመላለሳል። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከመጨረሻው ልጀምር፤ የሚያጣድፈው እሱ ነውና። ሳንቲሞቹን አትሽጡ። ገዢው ነገ ቢመጣም፣ ዋጋ ቢጨምርም አትሽጡ።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አንቀጽ 41 የተጻፈው ለእንደ አባትዎ ዓይነቱ ሰው ነው። በማዕድን ፍለጋ፣ በሕንፃ ወይም በመንገድ ሥራ፣ ወይም በሌላ በማንኛውም ድንገተኛ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ ለቅርስ ባለሥልጣን ማሳወቅ አለበት። ባለሥልጣኑ መጥቶ እስኪረከብ ድረስም እንዳይጎዳ ጠብቆ ማቆየት አለበት። ሲያርሱ ማግኘት ከዚህ "ድንገተኛ አጋጣሚ" ውስጥ ይገባል። እንዲህ የተገኘ ዕቃ የሚረከበው መንግሥት ስለሆነ አባትዎ ሊሸጡት አይችሉም፤ የገዛውም ሰው መብት አያገኝም። ያለ ፈቃድ ከአገር ከወጣ ደግሞ ጉዳዩ ከባድ ወንጀል ይሆናል። የመጀመሪያው ጥያቄ "ከማን ነው የገዛኸው?" ስለሚሆን ምርመራው ተመልሶ እናንተ ቤት ይመጣል።

"የተቀበረ ሀብት ያገኘ ሰው ድርሻ አለው ይባላል" የሚል ሰው አይጠፋም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ስለተቀበረ ሀብት የሚናገር ድንጋጌ እንዳለው እውነት ነው። ቅርስ ግን በልዩ ሕግ ነው የሚገዛው። ልዩ ሕጉ ባለበት በዚያ ድንጋጌ መከራከር አያዋጣም።

አባትዎ ዓመታት ቆይተው ማሳወቃቸው ያስጠይቃቸው ይሆን? አዋጁ "ወዲያውኑ" ስለሚል መዘግየቱ ጥሩ አይደለም። ግን አንድ ገበሬ ሕጉን ሳያውቅ በጨርቅ ቋጥሮ ያቆየውንና ዛሬ በገዛ እግሩ ሄዶ ያስመዘገበውን፣ ሲሸጥ ከተያዘ ሰው ጋር እኩል የሚያይ ዐቃቤ ሕግ አይገጥማችሁም ብዬ አስባለሁ። ራሳቸው ቀድመው ቢናገሩ ይሻላቸዋል።

ሕጉ ግዴታ ጭኖ ብቻ አልተወም። ድንገት ያገኘውን ቅርስ ላስረከበ ሰው ባለሥልጣኑ ተገቢው ሽልማት እንዲሰጠው ያደርጋል ይላል። ለመጠበቅና ለማስረከብ ያወጣው ወጪ ካለም ይተካለታል። ብዙ ሰው ይህን ስለማያውቅ አይጠይቅም፤ እናንተ ጠይቁ። ባለሥልጣኑ ማስታወቂያው ደርሶት በስድስት ወር ውስጥ ተገቢውን እርምጃ ካልወሰደስ? ያኔ ያገኘው ሰው ሁኔታውን ዘርዝሮ ለክልሉ መንግሥት በጽሑፍ አሳውቆ ከኃላፊነቱ ነፃ መውጣት ይችላል። ቀን ያለበት ወረቀት የግድ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ስድስቱ ወር ከመቼ እንደሚቆጠር በቃል ማስረዳት አይቻልም።

ስታስረክቡ አባትዎ ሳንቲሞቹን የቱ ጋ እንዳገኟቸው ቦታውን በጣታቸው ያሳዩ። ሳንቲሞቹ የአክሱም ዘመን ከሆኑ ብዙ ጊዜ የንጉሡ ስም ተቀርጾባቸው ይገኛል። ሳንቲሙ የወጣበት ቦታ ከታወቀ አብሮት ያለው ገል፣ ግድግዳና አመድ በየትኛው ንጉሥ ዘመን አካባቢ እንደነበረ መናገር ይቻላል። ቦታው ካልታወቀ ሳንቲሙ ብቻውን ይቀራል። የአባትዎ ትዝታ ራሱ ማስረጃ ነው፤ ሌላ ማንም ሊሰጠው አይችልም። በአክሱም የንጉሥ ዒዛናን ታሪክ በግዕዝ፣ በሳባና በግሪክ ቋንቋ የያዘውን የድንጋይ ጽሑፍ በ1970ዎቹ ያገኙት ገበሬዎች ናቸው። ዛሬም እዚያው በተገኘበት ቦታ ነው የሚጎበኘው።

አሁን ወደ ቆፋሪዎቹ። "ያለ ፈቃዳችን ገቡ" ብላችኋል። ፈቃዱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የመቆፈር ፈቃድ ነው። በአዋጁ መሠረት ማንም ሰው፣ ፕሮፌሰርም ይሁን አማካሪ ድርጅት፣ ከቅርስ ባለሥልጣን አስቀድሞ የጽሑፍ ፈቃድ ሳያገኝ ቅርስ ለመፈለግ መቆፈር አይችልም። ስለዚህ ደብዳቤያቸውን የማየት ጥያቄያችሁ ድፍረት አይደለም። ለቀበሌውም ለእናንተም ሊያሳዩ ይገባል። ሊያሳዩ ካልቻሉ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በዚያው ቀን ንገሩ። የጥናት ቡድን መስሎ የሚመጣ ዘራፊም አለና።

ሁለተኛው የእናንተ የባለይዞታዎቹ ጉዳይ ነው። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ቢሆንም ጤፉ የአባትዎ ነው። የተረገጠና የተቆፈረ ሰብል ካለ ካሳ ይገባቸዋል። ጉድጓዶቹ ሳይደፈኑ ፎቶ አንሱ፤ ርዝመትና ስፋታቸውን ለኩ፤ የቀበሌ ሰው ባለበት አስመዝግቡ። ደኅና ቡድን ይህን ሳይጠየቅ ያደርጋል፤ ጉድጓዱንም መልሶ ደፍኖ ነው የሚሄደው። በሥነ ሥርዓት የመጣ ቡድን ከሆነ ግን አታባርሩት።

ያዩት ነገር ትርጉም እንዲኖረው ሥራቸውን በአጭሩ ላስረዳ። መጀመሪያ ቢሮ ተቀምጠው የድሮ ካርታ፣ የአየር ፎቶና ቀደም ሲል የተመዘገቡ ቦታዎችን ያያሉ። ቀጥሎ ያዩት ሰልፍ ይመጣል፦ ጎን ለጎን ተራርቀው እየሄዱ ማረሻ ወደ ላይ ያወጣውን ገል፣ የድንጋይ መሣሪያና የተጠረበ ድንጋይ ይመዘግባሉ። ገል የበዛበት ቦታ ላይ ትንሽ ጉድጓድ ይከፍታሉ፤ ብዙ ጊዜ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ነው። አፈሩን በማንኪያና በብሩሽ እየገፈፉ፣ የየንብርብሩን አፈር ለየብቻ እየነፉ ይወርዳሉ። ከዚያ ባለሙያው ከጥቂት ሐሳቦች አንዱን ያቀርባል። ምንም የለም፣ መንገዱ ይለፍ ሊል ይችላል። መስመሩ ትንሽ ይሸሽ ሊል ይችላል። ወይም ዶዘር ከመግባቱ በፊት በሰፊው ተቆፍሮ ይመዝገብ፤ አልያም አፈር ሲነሳ ባለሙያ ቆሞ ይከታተል ይላል።

"መሬታችሁን ትነጠቃላችሁ" ለሚለው ፍርሃት፣ ማሳ ውስጥ ገል ስለተገኘ ብቻ ማሳው የተከለለ ቦታ አይሆንም። አንድ አካባቢ ቅርስ ያለበት ተብሎ እንዲከለል የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሊወስን፣ ውሳኔውም በነጋሪት ጋዜጣ ሊወጣ ይገባል። ያ ከሆነ በኋላ ነው ያለ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ግንባታም ቁፋሮም የሚከለከለው። የጎረቤቶቻችሁ ወሬ እዚያ ደረጃ አልደረሰም።

ካሳውም አይቀርም። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ የሚከፈለው ካሳ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011ና በማሻሻያው ነው የሚሰላው። የሚታየው መሬቱ ላይ ያለው ንብረት፣ ሰብሉና ከመሬቱ የሚገኘው ገቢ ነው። ከሥር ቅርስ መኖሩ አይጨምርላችሁም፣ አይቀንስባችሁም። የሚያሰጋኝ መዘግየቱ ነው። ጥናቱ ተራዝሞ፣ "መሬቱ ይፈለጋል፣ አትዝሩበት" ተብላችሁ ክፍያው ሳይመጣ አንድ ክረምት ሊያልፍባችሁ ይችላል። እንዲህ ያለ ቃል ከመጣ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። በጽሑፍ ካልተሰጣችሁ ማሳችሁን እንደ ወትሮው እረሱ፤ የተተከሉት ችካሎችና ጉድጓዶቹ ያሉበትን ቦታ ብቻ አትንኩ። በካሳው ካልተስማማችሁ መጀመሪያ ለቅሬታ ሰሚው አካል፣ ከዚያ ለይግባኝ ሰሚው ጉባዔ፣ ከዚያም ለፍርድ ቤት ይቀርባል። የጊዜ ገደቡ አጭር ስለሆነ ደብዳቤው የደረሳችሁን ቀን ጀርባው ላይ ጻፉት።

መንገዱን ማስቆም ትችላላችሁ ወይ? ማስቆም ሳይሆን ማሳሰብ ትችላላችሁ፤ ከመሠረት ቁፋሮው በፊት ከሆነ ማሳሰቢያው ጉልበት አለው። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ተፅዕኖ ሲል ጤናን፣ አፈርን፣ ውኃን ብቻ አላለም፤ የባህል ቅርስንም ጨምሯል። የግምገማው ሪፖርት ለሕዝብ ተደራሽ እንዲሆን፣ በተለይ ፕሮጀክቱ የሚነካቸው ነዋሪዎች አስተያየት እንዲካተት ያዝዛል። በውሳኔው ቅር የተሰኘ ሰው ለአካባቢ ጥበቃው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ቅሬታ ማቅረብ ይችላል፤ ውሳኔውም በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። ብድሩ ከዓለም ባንክ ከሆነ ደግሞ ባንኩ ስለ ባህል ቅርስ የራሱ መስፈርት አለው። ድንገት ቅርስ ሲገኝ ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲቀመጥ ይጠይቃል።

ብዙ ሰው ተቋራጩን እንደ ጠላት ያየዋል። ውሉን ላየ ሰው ነገሩ ሌላ ነው። በመንገድ ሥራ በብዛት የሚሠራበት፣ ፊዲክ የተባለው ዓለም አቀፍ የአማካሪ መሐንዲሶች ማኅበር ያዘጋጀው ውል አለ። በ1999 የወጣው እትም አንቀጽ 4.24 (አቆጣጠሩ የፈረንጅ ነው) ሥራ ቦታው ላይ የተገኘ ጥንታዊ ዕቃ በአሠሪው፣ ማለትም መንገዱን በሚያሠራው መሥሪያ ቤት፣ ጥበቃ ሥር እንዲሆን ያዛል። ተቋራጩ ለተቆጣጣሪው መሐንዲስ ወዲያው ያሳውቃል። በዚህ ምክንያት ከዘገየ ወይም ወጪ ከወጣበት ተጨማሪ ጊዜና ክፍያ መጠየቅ ይችላል። ማሽን ከገባ በኋላ የሚገኝ ቅርስ የሚያስከፍለው አሠሪውን ነው ማለት ነው፤ በመጨረሻም ሕዝቡን። ዛሬ የምትሰጡት ጥቆማ ለመንገዱም ይጠቅማል። እኔም መንገዱ እንዲሠራላችሁ እፈልጋለሁ፤ ወላድ በሸክም የምትሄድበት አካባቢ መንገድ ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እነግራችኋለሁ፤ በሥራዬ ደጋግሜ ያየሁት ክፍተት እዚህ ላይ ነው። ጥናቱ ብዙ ጊዜ የሚከተለው ችካሉን ነው። መንገድ ግን ችካሉ ላይ ብቻ አይሠራም። ሰሌክት (ለመንገዱ መሙያ የሚሆን አፈር) የሚወጣበት ጉድጓድ አለ፤ ድንጋይ የሚፈለጥበት ካባ አለ፤ ካምፕ አለ፤ ገልባጭ መኪና የሚመላለስበት ተለዋጭ መንገድ አለ። እነዚህ የሚመረጡት ሥራው ከተጀመረ በኋላ ሊሆን ይችላል። ያኔ የቅርስ ባለሙያው ሪፖርቱን አስገብቶ ሄዷል። ሰሌክት የሚወጣበት ጉብታ ደግሞ ሰዎች ጥንት የሰፈሩበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አባትዎና የመንደሩ አረጋውያን ስለ ማሳችሁ ብቻ አይናገሩ። የት የት ገል እንደሚበዛ፣ የት የተጠረበ ድንጋይ እንዳለ፣ "የድሮ ሰዎች መቃብር" የሚባለው የቱ ጋ እንደሆነ ይናገሩ፤ ይጻፍ።

ደብዳቤው ረጅም መሆን የለበትም። እንዲህ ይበቃል፦

"እኔ የይዞታ ደብተር ባለቤት የሆንኩ ገበሬ በማሳዬ ውስጥ ጥንታዊ ሳንቲሞች፣ ገልና የተጠረበ ድንጋይ ስለመገኘታቸው በአዋጅ ቁጥር 209/1992 አንቀጽ 41 መሠረት አሳውቃለሁ። ሳንቲሞቹን ለማስረከብ ዝግጁ ነኝ፤ እስከዚያው ጠብቄ አቆያለሁ። በመንገዱ መስመርና ሰሌክት በሚወጣባቸው ቦታዎች ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት ባለሙያ እንዲያያቸው፣ አዋጁ የሚፈቅደው ሽልማትና የወጪ ተመላሽም እንዲታይልኝ እጠይቃለሁ።"

ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ተጽፎ ግልባጩ ለክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ፣ ለወረዳው ጽሕፈት ቤትና ለመንገዱ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ይሁን። መዝገብ ቤት ገቢ ስታደርጉ በእጃችሁ የሚቀረው ኮፒ ላይ ማኅተምና ቀን አስመቱ። ሳንቲሞቹን አትጠቡ፤ ዝገቱን በሎሚም በአሸዋም አታጽዱ፤ በደረቅ ጨርቅ እንዳሉ ይቆዩ። ስታስረክቡ ቁጥራቸው ተጽፎ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ የተረከበው ሰው ስምና ፊርማ ያለበት ደረሰኝ ተቀበሉ።

መልስ ሳይመጣ ዶዘሩ ከደረሰስ? ማሽኑ ፊት አትቁሙ፤ ከኦፕሬተሩም ጋር አትጣሉ። እሱ የታዘዘውን ነው የሚሠራው። የደብዳቤውን ኮፒ ይዛችሁ ካምፑ ድረስ ሂዱና ለተቆጣጣሪው መሐንዲስ በእጁ ስጡት። በዚያ ክፍል ሥራው እንዲቆይ ማዘዝ የሚችለው እሱ ነው። ደብዳቤው ከደረሰው በኋላ ደግሞ "አላየሁም" ማለት አይችልም።