ዳታቤዝ ሻጩ በተፎካካሪዎቹ ግቢ፦ ስለ ኦራክል፣ ስለ መድረኮቹና ስለ ኢሜይል ጥያቄና መልስ

በሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ በሚገኝ የስብሰባ አዳራሽ፣ ከስንጋ ተራ፣ ከለገሃርና ከአራት ኪሎ መሥሪያ ቤቶች የመጡ የዳታቤዝ ባለሙያዎችና የግዥ ሠራተኞች ያቀረቡልኝን ጥያቄዎች ከመልሶቻቸው ጋር እነሆ አስፍሬአለሁ። መነሻቸው አንድ ነው፤ ዳታቤዝ (መረጃን በሥርዓት የሚያከማችና የሚፈልግ ሶፍትዌር) በመሸጥ የሚታወቀው ኦራክል ምርቱን በተፎካካሪዎቹ ሰርቨርና ክላውድ (በኢንተርኔት በኪራይ በሚሰጥ የኮምፒውተር አገልግሎት) ላይ የሚያስገባው፣ በአንድ ወቅትም የኢሜይል ገበያ ውስጥ የገባው ለምንድን ነው የሚል ነው። ዓመቶቹ «ዓ.ም.» ካልተባለ በስተቀር እ.ኤ.አ. ናቸው።

ጥያቄ (በስንጋ ተራ የሚሠራ የባንክ ዳታቤዝ አስተዳዳሪ)፦ አንድ ድርጅት ምርቱ በተፎካካሪው ማሽን ላይ እንዲሠራ ይህን ያህል የሚደክመው ለምንድን ነው? ደንበኛውን ወደ ራሱ ማሽን ማምጣት አይሻለውም ነበር?

መልስ፦ ኦራክል እ.ኤ.አ. በ1977 ሲመሠረት የሚከላከልለት የራሱ ማሽን አልነበረውም። በ1979 ለገበያ ያቀረበው የመጀመሪያው ዳታቤዝ የሠራው በዲጂታል ኢኩዊፕመንት ፒዲፒ-11 ማሽን ላይ ነው። ትልቁ ውሳኔ የመጣው በ1983 ሲሆን፣ በዚያ ዓመት የወጣው ሦስተኛው ቅጂ ሲ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ እንደ አዲስ በመጻፉ ዳታቤዙን ከአንድ ዓይነት ማሽን ወደ ሌላው ማሻገር ከቀድሞው እጅግ ቀላል ሆነ። ይህ ለደንበኛው ነፃነት መስሎ ይታያል፤ በከፊልም ነፃነት ነው። ሆኖም ደንበኛው የማሽን አቅራቢውን በፈለገ ጊዜ መለወጥ ሲችል፣ የማይለወጥበት ዳታቤዙ ብቻ ሆኖ ይቀራል። እኔ ከአርባ ዓመት በላይ የዘለቀውን የኦራክልን ጉዞ የምረዳው በዚህ ነው፤ ማሽኑን የሚተካ ዕቃ ባደረገ ቁጥር እርሱ የማይተካ ሆነ። በ1998 ዳታቤዙን ሊኑክስ ወደተባለው ነፃ ስርዓተ ክወና ሲያመጣም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ በርካሽ ማሽን ላይ ከዊንዶውስ ውጭ የሚሠራበት መንገድ ከፈተ። ማይክሮሶፍት በበኩሉ የራሱን ዳታቤዝ ኤስኪውኤል ሰርቨርን ለሊኑክስ ያቀረበው በ2017 ነው።

ጥያቄ (በአራት ኪሎ ካለ የመንግሥት መሥሪያ ቤት)፦ ኦራክል በኋላ ሰን ማይክሮሲስተምስን ገዝቶ የራሱ ሃርድዌር ባለቤት ሆኗል። ከዚያ በኋላም ለሌሎች ማሽኖች ታማኝ ሆኖ ቀጥሏል ማለት ይቻላል?

መልስ፦ ሁልጊዜ አልቀጠለም፤ ስለዚህ ጥያቄው እጅግ ተገቢ ነው። የሰን ግዥ በጥር 2010 እ.ኤ.አ. ተጠናቀቀ። ዓመት ከጥቂት ወራት ቆይቶ፣ በመጋቢት 2011፣ ኦራክል ኢታኒየም በሚባለው የኢንቴል ፕሮሰሰር ላይ ለሚሠሩ ማሽኖች አዲስ ሶፍትዌር ማዘጋጀቱን እንደሚያቆም አስታወቀ። እነዚህን ማሽኖች በዋናነት የሚሸጠው ኤችፒ ነበር፤ ኤችፒም የሰን ተፎካካሪ ነበር። ኤችፒ ከሰሰ፤ በ2012 የካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት ኦራክል በውሉ መሠረት ድጋፉን እንዲቀጥል ወሰነ፤ በ2016 ደግሞ ከዜጎች የተውጣጣ የፍርድ ሸንጎ (ጁሪ) ኦራክል 3 ቢሊዮን ዶላር ካሣ እንዲከፍል ፈረደ። ኦራክል እንደተከራከረው የኢታኒየም ዕድሜ ማጠሩ እውነት ነበር፤ ፕሮሰሰሩም በመጨረሻ ከገበያ ወጥቷል። ነገር ግን በመካከሉ የተጎዳው፣ ማሽኑን ከአንዱ፣ ዳታቤዙን ከሌላው ገዝቶ በሁለቱ ክርክር መሐል የቆመው ደንበኛ ነው። ስለዚህ በጨረታ ሰነዳችሁ ውስጥ «በዚህ መድረክ (ሶፍትዌሩ በሚሠራበት የማሽን ዓይነት) ላይ ይሠራል» የሚለው ቃል ብቻውን በቂ ነው ብላችሁ አትቀበሉ። እስከ መቼ ድረስ እንደሚደገፍ የሚገልጽ ቀንና ድጋፉ ቢቋረጥ ላይሰንሱ (የመጠቀሚያ ፈቃዱ) ወደ ሌላ ማሽን ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚዛወር መሆኑ በጽሑፍ ይቀመጥ።

ጥያቄ (በለገሃር የሚሠሩ የሲስተም አስተዳዳሪ)፦ ስለ ኢሜይሉ ብዙዎቻችን ሰምተን አናውቅም። ዳታቤዝ ሻጭ ኢሜይል ውስጥ ምን ሊያደርግ ገባ?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ2002 ኦራክል ኮላቦሬሽን ስዊት የሚባል ምርት አወጣ፤ የቀን መቁጠሪያውን ክፍል ያገኘው በዚያው ዓመት ስቴልቶር የተባለ የካናዳ ኩባንያ በመግዛት ነው። መከራከሪያው በመሐንዲስ ዓይን ሲታይ ጠንካራ ነበር። ኢሜይል፣ ፋይል፣ ቀጠሮና የድምፅ መልእክት ሁሉም መረጃ ናቸው፤ መረጃ ደግሞ በዳታቤዝ ውስጥ ቢቀመጥ በአንድ ባክአፕ ይጠበቃል፣ በአንድ ጥያቄ ይፈለጋል፣ ማሽኑ ቢወድቅም ሳይጎድል ይመለሳል። በወቅቱ ዋናው ተፎካካሪ የነበረው ማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅ የታወቀ ድክመት ነበረበት፤ የ2003ቱ ስታንዳርድ እትም የመልእክት ማከማቻ መጀመሪያ ላይ በ16 ጊጋባይት የተገደበ ነበር፤ ገደቡ ሲነካ ማከማቻው ይዘጋል፤ ሠራተኛው ሁሉ ኢሜይል ያጣል። ብዙ ድርጅቶች በየቅርንጫፋቸው ትንንሽ የኤክስቼንጅ ሰርቨሮችን በትነው ስለነበር፣ «ሁሉንም ወደ አንድ ቦታ ሰብስቡ» የሚለው ጥሪ ትርጉም ነበረው።

ያም ሆኖ ምርቱ የኤክስቼንጅን ቦታ ሊይዝ አልቻለም። በ2008 ቢሃይቭ በሚል ስም እንደ አዲስ ተሠርቶ ወጣ፤ እርሱም አልዘለቀም። እኔ የምሰጠው ምክንያት ይህ ነው፦ ዳታቤዝን የሚመርጡት ጥቂት ባለሙያዎች ናቸው፤ ኢሜይልን ግን ከጸሐፊዋ እስከ ዋና ሥራ አስኪያጁ ድረስ ሁሉም ሰው በየቀኑ ይፈርድበታል። ሠራተኛው የሚያውቀው ኢሜይሉን የሚያነብበትን አውትሉክን እንጂ ከበስተጀርባ ያለውን ማከማቻ አይደለም። ኦራክል አውትሉክን ከራሱ ሰርቨር ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም ሰጥቷል፤ ነገር ግን አውትሉክም፣ የተጠቃሚዎች መዝገብ የሆነው አክቲቭ ዳይሬክተሪም የማይክሮሶፍት በመሆናቸው፣ ኦራክል እንደ እንግዳ በሰው ቤት ይስተናገድ ዘንድ ተገደደ። በዳታቤዙ ጊዜ ያሸነፈው ማሽኑን የሚተካ ዕቃ በማድረግ ነበር፤ በኢሜይል ግን የሚተካው ራሱ ኦራክል ነበር። ከዚያ ጎግል ኢሜይልን በደንበኝነት ክፍያ ለድርጅቶች ማቅረብ ሲጀምር፣ ማይክሮሶፍትም በ2011 ኦፊስ 365ን ሲያወጣ፣ የማከማቻው ጥያቄ ከደንበኛው ትከሻ ጨርሶ ወረደ።

ጥያቄ (አንዲት ወጣት ባለሙያ)፦ ሐሳቡ በቴክኒክ በኩልስ ትክክል ነበር?

መልስ፦ በከፊል ብቻ። ኢሜይል ለዳታቤዝ የማይመች ባሕርይ አለው፤ አንዴ ከገባ የማይለወጥ፣ ትልቅ አባሪ የሚሸከም፣ ብዙው ዳግም የማይነበብ መረጃ ነው። ይህን ሁሉ ለባንክ ሂሳብ በተዘጋጀ የለውጥ መዝገብና ውድ ዲስክ ላይ ማሳለፍ ጥንቃቄውን ከሚገባው በላይ ያስወድደዋል። ማይክሮሶፍት ራሱ በኤክስቼንጅ 2010 አንድን አባሪ ለብዙ ተቀባዮች አንድ ጊዜ ብቻ የማስቀመጡን ዘዴ የተወው፣ ርካሽ ዲስክ ላይ ደጋግሞ መጻፍ የተሻለ ሆኖ ስላገኘው ነው።

ጥያቄ (የግዥ ክፍል ኃላፊ)፦ ዛሬ ኦራክል በማይክሮሶፍት፣ በጎግልና በአማዞን ክላውድ ውስጥ ይገኛል። ይህ ወጪ ይቀንስልናል?

መልስ፦ ከ2023 ጀምሮ ኦራክል ዳታቤዙን ለማስኬድ የተሠሩትን የራሱን ኤክሳዳታ ማሽኖች በማይክሮሶፍት የመረጃ ማዕከላት ውስጥ አስገብቷል፤ በ2024 ከጎግልና ከአማዞን ጋር ተመሳሳይ ስምምነት አድርጓል። የቀድሞውን ስልት በአዲስ ቦታ መድገሙ ነው። ወጪውን በተመለከተ ግን ላይሰንሱን ቁጠሩት። የራሳችሁ ሰርቨር የኢንቴል ፕሮሰሰር ያለው ከሆነ ሁለት ኮር (የፕሮሰሰሩ የሥራ ክፍል) እንደ አንድ ላይሰንስ ይቆጠራል፤ ስለዚህ 8 ኮር 4 ላይሰንስ ይፈልጋል። ፓወር በተባለው የአይቢኤም ፕሮሰሰር ላይ ያው 8 ኮር 8 ይሆናል። በአማዞን ወይም በማይክሮሶፍት ክላውድ ተራ ሰርቨር ተከራይታችሁ የራሳችሁን ላይሰንስ ብትጭኑ፣ ሁለት ምናባዊ ፕሮሰሰር አንድ ላይሰንስ ስለሚበላ፣ የ8 ኮር አቅም ያለው 16 ምናባዊ ፕሮሰሰር 8 ላይሰንስ ይጠይቃል፤ በግቢያችሁ ካለው እጥፍ ማለት ነው። የኢንተርፕራይዝ እትም ይፋዊ ዋጋ ለአንድ ላይሰንስ 47,500 ዶላር፣ ዓመታዊ ድጋፉም 22 በመቶ መሆኑን ስታስቡ፣ አራት ላይሰንስ መጨመር ቀላል ነገር አይደለም። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ይህ ሂሳብ በብር ሲሰላ የባሰ ከብዷል።

ሌላው ጉዳይ ቦታ ነው። ከሦስቱ የክላውድ ድርጅቶች (ማይክሮሶፍት፣ ጎግልና አማዞን) አንዳቸውም አዲስ አበባ ውስጥ የክላውድ ማዕከል የላቸውም፤ ስለዚህ የደንበኞችን የግል መረጃ ከማሻገራችሁ በፊት የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ከሕግ ክፍላችሁ ጋር አንብቡ።

ጥያቄ፦ ነፃውን ዳታቤዝ ማይኤስኪውኤልን የምንጠቀም ሰዎችስ?

መልስ፦ እርሱም ከሰን ጋር ወደ ኦራክል እጅ ገብቷል። የሚያሰጋችሁ ከሆነ ከእርሱ የተገነጠለው ማሪያዲቢ አለ፤ ለአዲስ ሥራ ግን እኔ ሌላውን ነፃ ዳታቤዝ ፖስትግሬስኪውኤልን እመርጣለሁ።

ጥያቄ (በስታዲየም አካባቢ የሚሠራ ፕሮግራመር)፦ የሂሳብ መግለጫ በኢሜይል በቀጥታ ከኦራክል ዳታቤዝ ለመላክ ስሞክር ኦአርኤ-24247 የሚል ስሕተት ይመጣብኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከ11ጂ ቅጂ ጀምሮ ዳታቤዙ ወደ ኔትወርክ እንዲወጣ የሚፈቅድ ዝርዝር ካልተዘጋጀ በስተቀር መልእክት መላክ ይከለክላል። አስተዳዳሪው ለእርስዎ የዳታቤዝ ተጠቃሚ፣ ለመሥሪያ ቤቱ የኢሜይል ሰርቨር ስምና ለፖርቱ ብቻ ፈቃድ ይስጥ፤ ለሁሉም አድራሻ የሚፈቅድ ምልክት እንዳያስገባ አደራ እላለሁ። መግለጫዎቹ ብዙ ከሆኑ ግን ዳታቤዙ ራሱ ባይልክ ይሻላል። በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ወረፋ ያዘጋጁና ሌላ ፕሮግራም ከወረፋው እያነሣ ይላክ፤ የኢሜይል ሰርቨሩ ሲዘገይ የሂሳብ ሥራው አብሮ እንዳይቆም የሚያደርገው ይህ ነው።