የድሮ ፎቶ ስሙን በመቀየር አይከፈትም

ከደብረ ሲና የጻፍሽው እህቴ፣ በቅድሚያ የአባትሽን ነፍስ ይማር። ሲዲያቸው ላይ ያሉት ፎቶዎች የስማቸው መጨረሻ ፒሲኤክስና ቲጂኤ (የድሮ የፎቶ ፋይል ዓይነቶች ናቸው) እንደሚል፣ እሱንም ዛሬ ወደተለመደው ጄፔግ ብትቀይሪው እንዳልከፈቱልሽ ጽፈሻል። ስሙ ቢቀየርም የፋይሉ ውስጥ ያው ነው። እንዲያውም ቲጂኤ መጀመሪያው ላይ መለያ ምልክት ስለሌለው ብዙ ፕሮግራም የሚያውቀው በስሙ ነው። ስለዚህ ስማቸውን መልሺ፤ ሲዲውንም እንዳለ ኮምፒውተር ላይ ገልብጪና ቅጂው ላይ ብቻ ሥሪ።

አደራ የምልሽ በራሴ ስለደረሰ ነው። ደብረ ብርሃን ፎቶ ቤት የከፈትኩ ሰሞን የአንድ ደንበኛ ፒሲኤክሶችን በጅምላ ወደ ጄፔግ ቀይሬ ዋናዎቹን አጠፋሁ። ባለ 256 ቀለም ፎቶ ብዙ ጊዜ ጥላው በነጠብጣብ የተሠራ ነው፤ ጄፔግ ሲሆን ነጠብጣቡ ይቆሽሻል፣ ሰው ፊት ላይ ደግሞ ወዲያው ያስታውቃል። ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ ፎቶው ግን አልተመለሰም። አንቺ ወደ ፒኤንጂ ቀይሪ፣ እሱ አንዲት ነጥብ አይጥልም። ለአንድ ሁለት ፎቶ ኢርፋንቪው ወይም ጂምፕ የሚባለው የፎቶ ፕሮግራም ይበቃል፤ ብዙ ከሆኑ ኤክስኤንቪው ሁሉንም ባንዴ ይቀይራቸዋል።

ተከፍቶ ቀለሙ ቢዘበራረቅብሽ ፋይሉን እንዳትጥዪው። ባለ 256 ቀለም ፒሲኤክስ የቀለም ሠንጠረዡን የሚይዘው ጅራቱ ላይ ነው፦ የመጨረሻዎቹ 769 ባይቶች፣ መጀመሪያ 12 የሚል ምልክት፣ ከዚያ 768ቱ ቀለሞቹ። ሲገለበጥ ጅራቱ ከተቆረጠ ምስሉ ይኖራል፣ ቀለሙ ይጠፋል። ከመሐል ሜዳ አንድ ልጅ የአያቱን ፎቶ በፍሎፒ ይዞልኝ መጣ፤ ጥቁሩ የመንዝ በርኖስ ወይን ጠጅ፣ ፊታቸው አረንጓዴ ሆኗል። እዚያው ፍሎፒ ላይ አብሮ ስካን የተደረገ ደህና ፎቶ ነበር። በሄክስ ኤዲተር (የፋይልን ባይቶች አንድ በአንድ በሚያሳይና በሚያርም ፕሮግራም) የእሱን 769 ባይት ገልብጬ የተቆረጠው መጨረሻ ላይ ለጠፍኩት። በርኖሱ ጠቆረ፣ የፊታቸው መስመር ሁሉ ወጣ። ልጁ ዝም ብሎ ስክሪኑን በእጁ ነካ። የሠራልኝ ሁለቱም ጥቁርና ነጭ ስለነበሩ ነው፤ ባለቀለም ፎቶ ብዙ ጊዜ የየራሱ ሠንጠረዥ ስላለው መዋስ አያዋጣም።

ቲጂኤው ተዘቅዝቆ ከመጣ ቬርቲካል ፍሊፕ በሚለው ላይና ታቹን ገልብጪው። 180 ዲግሪ ካዞርሽው ግን ግራና ቀኙ ይቀያየራል፤ የአባትሽ ጋቢ በሌላው ትከሻ ይሆንብሻል።

ለሙት ዓመቱ ማሳተም ነው ያልሽው፤ መጠኑን እዪ። 640 በ480 የሆነ ፎቶ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ሲታተም 5 ሳንቲ ሜትር ከምናምን በ4 ነው የሚወጣው፤ በ150 እጥፉ ይሆናል። ከዚያ በላይ አታስለጥጪው፣ ፊታቸው ይደበዝዛል። ለማተሚያ ቤቱ በቴሌግራም ስትልኪም ፒኤንጂውን እንደ ፋይል ላኪው፤ እንደ ፎቶ ከላክሽው ጨምቆ ጄፔግ ያደርግብሻል።