እናቴ ለሰብለ ታለቅሳለች፤ በእኔ ግን ትፈርዳለች

ጥያቄ፦ 21 ዓመቴ ነው። የምንኖረው ድሬዳዋ ሳቢያን ነው፤ እማዬ፣ ታላቅ ወንድሜና እኔ። አባቴ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ቀን እሠራለሁ፣ ማታ እማራለሁ። ከክፍል የምንወጣው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከወር በፊት አንድ የክፍሌ ልጅ በባጃጅ እስከ በራችን አደረሰኝ። ስወርድ እየሳቅን ነበር። ጎረቤታችን አየችን። በማግስቱ ወሬው እማዬ ጋ ሲደርስ «ልጅሽ ከወንድ ጋር እያመሸች ነው» ሆኗል። ወንድሜ ስልኬን ቀማኝ፤ «ትምህርቱንም ተይው» አለኝ። እማዬ «ስሜን አጠፋሽው» ካለችኝ ወዲህ በቅጡ አታናግረኝም። «ጓደኛዬ ብቻ ነው» ብዬ ማልኩላት። እውነቱን ለመናገር ግን ልጁን እወደዋለሁ። የሚገርመኝ፣ እማዬ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን እየደጋገመች ነው የምታነበው። ሰብለ ወንጌል ጋ ስትደርስ ታለቅሳለች። ለሰብለ ያለቀሰ ዓይን እኔን እንዴት እንዲህ ያየኛል? አዲስ አበባ አክስቴ ጋ ልሂድ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ስለ ዓይን የጻፍሽው ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ። ከእሱ ልጀምር።

ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፉን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። ኋላ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ስንቱ ቤተሰብ ሬዲዮኑን ከቦ አልቅሷል። ካለቀሱት ብዙዎቹ ግን ደጃፍ ላይ ትንሽ ብትቆም የሚቆጧት ልጅ ነበረቻቸው። አስመሳዮች ስለሆኑ አይደለም። ደራሲው ሰብለ ጓዳ ድረስ ስላስገቧቸው ነው። አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ የዘር ሐረግ እየቆጠሩ ጠያቂዎቿን ሲመልሱ አይተናል። ዕድሜዋ ሲገፋ፣ ብቸኝነቱ ሲከብዳት፣ ልቧ ቀስ በቀስ ወደ መምህሯ ወደ በዛብህ ሲያዘነብል አብረናት ነበርን። ስለዚህ ከቤት ስትወጣ «ምን ታድርግ?» እንላለን። ይህንኑ ታሪክ ከጎረቤት አፍ ብንሰማውስ? «የፊታውራሪ ልጅ አስተማሪዋን ተከትላ ጠፋች።» አለቀ። እናትሽም ስለ አንቺ የሰሙት እንደዚህ ያለ አንድ መስመር ነው።

ይህ የሰው ሁሉ ጠባይ ነው። እኛ ስናመሽ ትራንስፖርት አጥተን ነው። ሌላው ሲያመሽ ማምሸት ስለሚወድ ነው። የራሳችንን ነገር በሁኔታው እናስረዳለን፤ የሌላውን በባሕርይው። በሥነ ልቦና ብዙ የተጠና ነገር ነው። ድሬ ላይ ደግሞ ይብሳል። ሙቀቱ ሲበርድ ሰው ሁሉ ደጅ ነው። በረንዳው፣ በር ላይ የተነጠፈው ምንጣፍ፣ ሁሉ ወደ መንገድ ያያል። ሰው የሚያይሽ ግን ከባጃጅ እስክትወርጂ ድረስ ብቻ ነው። ቀሪውን ራሱ ይሞላዋል።

አንድ የሩቅ ታሪክ ልንገርሽ፤ ከአንቺ ጉዳይ ጋር ይገናኛል። ሄንሪ ጄምስ የተባለ አሜሪካዊ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1878 «ዴዚ ሚለር» የሚል አጭር ልብ ወለድ ጽፎ ነበር። ዴዚ ከአሜሪካ ወደ አውሮፓ የሄደች ተጫዋች ልጅ ናት። ሮም ውስጥ ከአንድ ጣሊያናዊ ጋር በአደባባይ ትንሸራሸራለች። እዚያ የሚኖሩ አሜሪካውያን ወይዛዝርት ይህን ነውር አሉት። አንዷ ሠረገላዋን አስቁማ «ነይ ግቢ፣ ሰው ሳያይሽ» ዓይነት ልመና ትለምናታለች። ዴዚ እምቢ ትላለች። ከዚያ በኋላ ሴትየዋ በገዛ ግብዣዋ ላይ ጀርባዋን ትሰጣታለች። ልብ በዪ፣ እዚያ ክብር ያለው ሠረገላ ውስጥ ነው፤ ነውሩ በእግር መሄድ ነው። ድሬ ላይ ተገላቢጦሽ ነው። ከልጁ ጋር በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር በእግርሽ ስትሄጂ ብትታዪ ኖሮ፣ ወሬው ይህን ያህል አይከብድም ነበር ብዬ እገምታለሁ። የከበደው ባጃጁ ነው፤ ውስጡ አይታይማ። «ነውር» የምንለው ነገር እንዲህ ከአገር አገር ይገለበጣል። ያን ጊዜ ግን ለዴዚም ለአንቺም የሰማይ ሕግ ይመስላል።

ከታሪኩ ውስጥ እኔን ሁልጊዜ የሚያመኝ አንድ ቦታ አለ። ዊንተርቦርን የሚባል ወጣት ልጅቷን ይወዳታል። ግን ጨዋ ትሁን አትሁን መወሰን ያቅተዋል። አንድ ሌሊት ኮሎሲየም ውስጥ ከጣሊያናዊው ጋር ያገኛታል። ይደነግጣል። ከድንጋጤው ጋር ግን እፎይታም ይሰማዋል። በቃ፣ ተፈታ፤ «መጥፎ ናት» ብሎ መጨነቁን ይተዋል። መፍረድ እንዲህ ያሳርፋል። አለማወቅ ይከብዳል፤ ልጅን ለዓለም ለቆ «ምን ትሆን ይሆን?» እያሉ ማደር ይከብዳል። «ስሜን አጠፋሽው» ሲባል ግን ሐሳቡ ይቆማል። የወንድምሽ ቁጣም ቢያንስ በከፊል ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

ዴዚ በዚያ ሌሊት የሮም ወባ ይዟት ትሞታለች። ወባ ምን እንደሆነ ለድሬ ልጅ አልነግርም። ከቀብሩ በኋላ ጣሊያናዊው ልጅቷ ንጹሕ እንደነበረች ለዊንተርቦርን ይነግረዋል። እሱም ይጸጸታል። እኔ ግን እጠይቃለሁ፦ ንጹሕ ባትሆንስ ኖሮ? ወዳው ቢሆንስ? ያኔ ጀርባ መስጠቱ ልክ ሊሆን ነው? የሰብለም መጨረሻ ሞት ነው። ለሴት ልጅ ለማዘን እስክትሞት የምንጠብቀው ለምንድን ነው?

ይህ ወደ መሐላሽ ይወስደናል። «ጓደኛዬ ብቻ ነው» ያልሽው ፈርተሽ ነው፤ አልፈርድብሽም። ግን ሳታውቂው የጎረቤትሽን ሕግ ተቀበልሽ። ጨዋነቴ የሚረጋገጠው ካልወደድኩ ብቻ ነው እንዳልሽ ይቆጠራል። ነገ ነገሩ ሲታወቅ ደግሞ እናትሽ የሚይዙት ፍቅሩን ሳይሆን መሐላውን ነው። አስተካክዪው። ዛሬውኑ አይደለም፤ መነጋገር ከጀመራችሁ በኋላ።

አሁን አንቺም እናትሽን ከመንገድ ማዶ እያየሻቸው እንደሆነ ልንገርሽ፤ አትቀየሚኝ። ባላቸው ሲሞት ሁለት ልጅ ይዘው የቀሩ ሴት ናቸው። ባሏ የሞተባት ሴት በር ስንት ዓይን እንደሚጠብቀው ታውቂያለሽ? ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ለምን ሳቀች፣ ለምን ጥቁሯን አወለቀች። ዕቁብ ሲገቡ፣ ብድር ሲጠይቁ፣ አንቺን ትምህርት ቤት ሲያስገቡ ያስያዙት ስማቸውን ይሆናል። ስለዚህ «ስሜን» ሲሉ ስለ ኩራት ብቻ አይደለም የሚያወሩት። እንደ ተሳሳቱ አምናለሁ፤ ዝምታቸውም እንደ ጎዳሽ። ፍርሃቱ ግን ባዶ አይደለም።

ስለዚህ መከላከያ ይዘሽ አትቅረቢ። ማታ ነፋስ ሲነሳ፣ ወንድምሽ በሌለበት፣ ቡና አፍዪ። «እማዬ፣ አባቴ የሞተ ሰሞን ሰው ስለ አንቺ ምን ይል ነበር?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ከዚያ ዝም ብለሽ ስሚ። ሰብለን እንደ ክርክር ማስረጃ አታንሺባቸው። «ለሷ ታለቅሻለሽ፣ ለእኔ ግን...» ካልሽ ወጥመድ ይሆናል፤ በሩ ይዘጋል። ይልቅ ቀንሽን ንገሪያቸው። ከሥራ ስትወጪ ምን እንደምትበዪ፣ ክፍል ውስጥ እንዴት እንቅልፍ እንደሚጥልሽ፣ ማታ ባጃጅ ስትጠብቂ ምን እንደሚያስፈራሽ። ደራሲው ለሰብለ ያደረጉላትን አንቺ ለራስሽ አድርጊ፤ እናትሽን ጓዳሽ ድረስ አስገቢያቸው።

ስለ ማታው መንገድ ተደራደሪ። ግን ሁለት ነገር ለዪ፦ ለደኅንነትሽ የሚወጣ ሕግና ለሰው አፍ የሚወጣ ሕግ። የሚታወቅ ባለ ባጃጅ ይያዝ፣ ስትወጪ ደውዪ፣ ከሰፈር ልጅ ጋር ተመለሺ ቢሉሽ እሺ በዪ። «ትምህርቱን ተይ» ቢባል ግን እሺ አትበዪ። ትምህርት ማቆም ማንንም ከምንም አይጠብቅም።

ወንድምሽን በተመለከተ አጭር ነው። የ21 ዓመት ሰው ስልክ መንጠቅ ጥበቃ አይደለም። እናትሽ ከተመለሱልሽ በኋላ በእሳቸው በኩል አስመልሺው። እሱ የሚሰማው አጎት ወይም የአባትሽ ወዳጅ ካለም አስገቢ። ካስፈራራሽ ወይም እጁን ካነሳ ግን ይህን ሁሉ ምክር ተይው። በዚያው ቀን ከቤት ውጪ፤ ወደምታምኚው ዘመድ፣ ወደ ከተማው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ቢሮ ወይም ወደ ፖሊስ ሂጂ።

እንዲህ ያለ ነገር ከሌለ ወደ አዲስ አበባ አሁን አትሂጂ። ተቀይመሽ ከሄድሽ ጎረቤትሽ የጀመረችውን ታሪክ አንቺ ትጨርሺላታለሽ። ትምህርትሽን ጨርሰሽ፣ ሥራ አግኝተሽ፣ እናትሽ ሻንጣሽን ሲያዘጋጁልሽ መሄድ ሌላ ነገር ነው።

ቡናው ላይ መጀመሪያ ዝም ቢሉሽ ቶሎ ተስፋ አትቁረጪ። አቦሉ በዝምታ ሊያልቅ ይችላል፣ ቶናውም። የሰብለን ነገር እሳቸው ራሳቸው ካነሱ ግን አታቋርጪያቸው።